ጎማ የሚታደሰው ከመኪናው ሳይወርድ ነው

ጥርሱ ያለቀ የጭነት መኪና ጎማ ወደ ማደሻ ሲመጣ ባለንብረቱ የሚቆጨው በተበላው ጥርስ ነው። ለባለሙያው ግን ጥርሱ ቀላሉ ነገር ነው፤ ይተካል። የማይተካው ከሥሩ ያለው አካል ነው፤ የብረት ክሩ፣ ጎኑና ከቸርኬው ጋር የሚገጥመው ጠርዝ። ሸክሙን የሚችለው እሱ ነው፤ የአዲስ ጎማ ዋጋም አብዛኛው የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ጎማ በደንብ ይታደስ እንደሆነ የሚወስነው፣ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ያሳለፈው ኑሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥራችን ራሱ ይህን ይመሰክራል። ሁሉም የሚጀምረው በምርመራ ነው። የጎማው ውስጥና ውጭ በዓይንና በእጅ ይፈተሻል፤ ምስማር የበሳው ቀዳዳ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈለጋል። የተሟላ መሣሪያ ያላቸው ማደሻዎች ደግሞ አየሩን ከዙሪያው ስበው በሌዘር ያዩታል፤ አየሩ ሲሳብ የተላቀቀው ንብርብር ስለሚያብጥ የተደበቀው ክፍተት ይወጣል። ምርመራውን ያለፈ ጎማ የቀረው ጥርስ ይፋቃል፣ ቁስሉ ተጠርጎ ይሞላል፣ ስስ ጥሬ ላስቲክ ይለበጣል፣ በላዩ ቀድሞ የበሰለ ጥርስ ይጠመጠማል። ከዚያ ተሸፍኖ በግፊት ምድጃ ውስጥ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሰዓታት ይቆያል። ዘዴው የጀርመናዊው በርንሃርድ ኖቫክ ነው፤ ሮይ ካርቨር የአሜሪካውን መብት ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1957 አዮዋ ውስጥ ባንዳግን አቋቋመበት። ጥሬውን ላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ማብሰል 150 ዲግሪ ገደማ ይጠይቃል፤ የኖቫክ ዘዴ ሙቀቱ ዝቅ ስለሚል ለአሮጌው አካል ይራራለታል። ሆኖም የደከመ የብረት ክር በየትኛውም ዘዴ ጉልበቱ አይመለስም።

ክሩን የሚያደክመው በዋናነት የነፋስ ማነስ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ከልኩ በላይ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ ላስቲክና ብረትን ያጣበቀውን ያላላል። ከጂቡቲ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ የሚወጣ ተሳቢ፣ በአፋር ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ አየር ሙሉ ጭነት ይዞ ሲጓዝ ይህ ምን ያህል እንደሚብስ መገመት አያስቸግርም። በሙያው የታወቀ ደንብ አለ፦ ከሚገባው ግፊት በ80 በመቶ ወይም ከዚያ ባነሰ የተነዳ የጭነት ጎማ፣ ነፋሱ ጨርሶ ወጥቶ እንደተነዳ ተቆጥሮ ሳይመረመር ዳግም አይነፋም። ረዳቱ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ያለፈው ጎማ 110 ፒኤስአይ ይኑረው 85 በድምፁ አይለይም። መለኪያ ያስፈልጋል፤ ያውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ከጉዞ በፊት።

«የታደሰ ጎማ መንገድ ላይ ይላጣል» የሚለው ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ በአውራ ጎዳና ዳር የወደቀውን የላስቲክ ቁራጭ ሁሉም ያየዋል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያለውን ቁራጭ ከጎዳና ሰብስበው መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናታቸው በቁራጮቹ መካከል የታደሱት ጎማዎች ድርሻ፣ በመንገድ ላይ ከሚሠሩት ጎማዎች ካላቸው ድርሻ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። የመንገድ ላይ ስለትና የአያያዝ ጉድለት አዲሱንም የታደሰውንም ይገነጥላሉ። የአውሮፕላን ጎማም ደጋግሞ ይታደሳል፤ እዚያ ግን የእያንዳንዱ ጎማ ታሪክ ይመዘገባል። ያም ቢሆን የፊት እግር ላይ አዲስ ጎማ ብቻ ይታሰር ባይ ነኝ። የአሜሪካ ሕግ ክልከላውን በአውቶቡስ የፊት ጎማ ቢወስነውም፣ የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ከሾፌሩ እጅ ሊወጣ ይችላልና እኔ ለጭነት መኪናም እመርጠዋለሁ።

ይበልጥ የሚከብደኝ የዋጋው ክርክር ነው፤ ርካሽ አዲስ ጎማ ካለ ማደስ ለምን? በአንድ ግዢ ብቻ ካሰሉት ባለንብረቱ ትክክል ነው። ግን አካሉ አንድ እድሳት እንኳ የማይችል ጎማ፣ ሁለት ጊዜ ከሚታደስ ደህና ጎማ ጋር መመዘን ያለበት በተጓዘው ኪሎ ሜትር ነው። በተለምዶ እንደሚገመተው አንድ አዲስ የጭነት ጎማ ለመሥራት 83 ሊትር ያህል ነዳጅ ዘይት ሲፈጅ ማደሱ 26 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ ጥሬ ዕቃውን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ይህ ትንሽ አይደለም። በርግጥ ከአቅም በላይ ለሚጭንና ሽቦው እስኪታይ ለሚነዳ ሰው ማደስ አያዋጣውም፤ ለእሱ ይህን አልመክርም። ሌላው ግን ጥርሱ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ያውርደው፤ ከዚያ ካለፈ ድንጋይና ውሃ እስከ ብረቱ ይዘልቃሉ።

ያመጡለትን ሁሉ ተቀብሎ የሚያድስ ማደሻ አያስተማምንም። ባለንብረቱ ጎማው ለምን እንደተመለሰበትና ከየትኛው መኪና፣ ከየትኛው እግር እንደወረደ በጽሑፍ ይያዝ። ተመላሾቹ ደጋግመው የመንታው ውስጠኛ ጎማዎች ከሆኑ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ቫልቩ እጅ ስለማይደርስበት ነፋሱን የሚለካው የለም። ቫልቩን በማራዘሚያ ወደ ውጭ ማውጣት ደግሞ የአንድ ጎማ ዋጋ አይፈጅም።