ብስክሌትና የክረምት መንገድ



ይህን ንግግር በሬዲዮ ሰምታችሁት ይሆናል። አሁን ደግሞ በራሳችሁ ዓይን ታነቡታላችሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቦታ ካለ ተመለሱና ድገሙት። የዛሬው ርእሳችን ብስክሌትና ዝናብ ነው።

ብስክሌት ላገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ነው። ያን ጊዜ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም አብረው ሄደው ነበር። ዛሬም በባሕር ዳርና በሐዋሳ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው ብስክሌት ይነዳል። አንጋጫ ግን ሜዳ አይደለችም። አገሩ ደጋ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሐምበሪቾ ተራራ ያለው በዚሁ በከምባታ ምድር ነው። ወደ ዱራሜ ቢሄዱም ወደ ሆሳዕና፣ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት አለው።

በሐምሌና በነሐሴ አገሩ ያምራል። እንሰቱ ይለመልማል፤ ጉሙ ተራራውን ይሸፍነዋል። ዳሩ ግን አገሩን የሚያስውበው ያው ዝናብ መንገዱን ድጥ ያደርገዋል።

እንግዲህ አንድ ነገር እንጠይቅ። በደረቅ ጊዜ ደኅና የሚይዝ ፍሬን በዝናብ ጊዜ ለምን እምቢ ይላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የብዙ ብስክሌቶች ፍሬን ትንንሽ ላስቲኮች አሉት። ፍሬኑን ስትጨብጡ ላስቲኮቹ ቸርኬውን፣ ማለት ጎማው የሚቀመጥበትን ብረት፣ ግራና ቀኝ ቆንጥጠው ይይዙታል። ቸርኬው ሲረጥብ ግን በላስቲኩና በብረቱ መካከል ውሃ ይገባል። ላስቲኩ መጀመሪያ ያንን ውሃ መጥረግ አለበት። እስኪጠርግ ድረስ ጎማው ይዞራል፤ ብስክሌቱም ይሄዳል። ጭቃ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

“ታዲያ ጥቂት ቢዘገይ ምን አለበት?” ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። በ3 ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ሄደ ማለት ነው። በዚያ መካከል ልጅ ሊሻገር ይችላል። ላም መንገድ ላይ ልትቆም ትችላለች። አይሱዙ ከኩርባው ብቅ ሊል ይችላል። ደግሞም ፍጥነታችሁ እጥፍ ቢሆን፣ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ ብስክሌቱ የሚሄደው መንገድ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል።

ይህን በራሳችሁ ሞክሩት። መኪና የማይመጣበት ሜዳ ፈልጉ። አንድ ድንጋይ ለምልክት አኑሩ። በዝግታ እየነዳችሁ ድንጋዩ ጋ ስትደርሱ ፍሬን ያዙ። ከድንጋዩ እስከ ቆማችሁበት ያለውን በእርምጃ ቁጠሩና ጻፉት። ዝናብ ካባራ በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፍጥነት ድገሙት፤ እሱንም ጻፉ። ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። ልዩነቱን የገዛ እጃችሁ ጽሑፍ ይነግራችኋል።

እንግዲያው በዝናብ ጊዜ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ፍጥነት የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። ከላይ ጀምራችሁ ሁለቱንም ፍሬኖች ለዘብ አድርጋችሁ ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ይህ ውሃውን ይጠርጋል። የፊቱን ፍሬን ብቻ በድንገት አትያዙ፤ የፊት ጎማ ካዳለጠ መውደቅ አይቀርም።

ሁለተኛ፤ ኩርባ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ዝግ በሉ። እየታጠፋችሁ ሳለ ፍሬን አታጥብቁ። ቀኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሦስተኛ፤ የኩሬን ሆድ ማንም አያውቅም። ከሥሩ ጉድጓድ ወይም ስለታም ድንጋይ ይኖራል። መንገድ የሚያቋርጥ ጎርፍ ካያችሁ እስኪጎድል ጠብቁ። ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ፈጣን ውሃ ሰውን ሊጥል ይችላል።

አራተኛ፤ በጉም ውስጥ ሾፌር አያያችሁም። ቢጫ ልብስ ከላይ ልበሱ። የጋቢያችሁ ጫፍ በጎማው ወይም በካቴናው እንዳይጠመጠም ሰብስቡት። በአንድ እጅ ጃንጥላ፣ በአንድ እጅ መሪ አይሆንም። የራስ መከላከያ ቆብ ካላችሁ ማሰሪያውን አጥብቃችሁ አድርጉት።

አምስተኛ፤ መብረቅ ካያችሁ ቁጠሩ። ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ቅርብ ነው። ቤት ግቡ። ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ስድስተኛ፤ ቤት ስትደርሱ ቸርኬውን በጨርቅ ጥረጉ። ካቴናውን ዘይት ቀቡ፤ ነገር ግን ዘይቱ ቸርኬውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። የፍሬኑ ላስቲክ ካለቀ ዛሬውኑ አስቀይሩ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል።

ከሁሉም የሚበልጠውን ግን ለመጨረሻ አቆይተነዋል። እንበልና አንድ አባት የታመመ ልጁን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ዝናቡ ይጥላል። ልቡ ቸኩሏል። ከፊቱ ረጅም ቁልቁለት አለ። ሁለት ሰው የጫነ ብስክሌት አንድ ሰው ከጫነው ይልቅ ለመቆም ይቸግራል። ይህ አባት ወርዶ፣ ልጁን ደግፎ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ቢሄድ ጥቂት ደቂቃ ይዘገያል። ሳይወርድ ቢለቀው ግን አንድ በሽተኛ ይዞ የወጣ ሰው ሁለት በሽተኛ ሆነው ሊደርሱ ይችላሉ። ከነጭራሹም ላይደርሱ ይችላሉ። የድንች ጆንያ የጫነም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። የፈሪም ሥራ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምታችሁ የለም? የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የሰው ሕይወት ግን አይለቀምም።

ይህን ጽሑፍ ላላነበበ ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ደኅና ሁኑ!

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ፍሬን በዝናብ ጊዜ ቶሎ የማይዘው ለምንድን ነው?
2. በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በ2 ሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል?
3. በአካባቢያችሁ በዝናብ ጊዜ ወርዶ መግፋት የሚያስፈልገው የትኛው ቁልቁለት ነው? ስሙን ጻፉ።