ፎር ዊሉ አልገባ ሲል

በክረምት ወደ ዲማ የሚወርድ ሰው ፎር ዊል የቅንጦት ዕቃ አለመሆኑን ለመረዳት ብዙ ኪሎ ሜትር አያስፈልገውም። ዲማ በጋምቤላ ክልል፣ በአኙዋ ዞን፣ ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር የተጠጋች ወርቅ የሚቆፈርባት ወረዳ ናት። ነጋዴው፣ የኦኩጎ ስደተኞች ጣቢያ ሠራተኛው፣ ምጥ የያዛትን ሴት የጫነው አምቡላንስ፣ ሁሉም ያንኑ ጭቃ ይጋራሉ። እዚያ መሀል የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ የፊት ጎማ አልዞርም ሲል፣ ጋራዡ ያለው ሌላ ከተማ ነው።

የድሮው ላንድክሩዘር እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም። ሾፌሩ ወርዶ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጁ ያዞራል፣ አጭሯን ማርሽ ይጎትታል፣ አለቀ። በአዳዲሶቹ ሃይሉክሶችና ፕራዶዎች ግን ማርሿን የተካቻት ዳሽቦርዱ ላይ ያለች ማዞሪያ ናት። ማዞሪያዋ ራሷ የምታንቀሳቅሰው ነገር የለም፤ ለኮምፒዩተር ጥያቄ ታቀርባለች እንጂ። ኮምፒዩተሩ ፍጥነቱን አይቶ ከፈቀደ፣ ከካምቢዮው ኋላ የተገጠመ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያዛል። ሞተሩ ጥርሱን ይገፋል። ጥርሱ ቦታው መግባቱን ደግሞ ሌላ ትንሽ ስዊች ተመልክቶ ለኮምፒዩተሩ ይመልሳል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

እንግዲህ ብልጭታው ሁልጊዜ ብልሽት ማለት አይደለም። ጥርስ ከጥርስ ጋር ካልገጠመ፣ ወይም መሪው ተጠምዝዞ ማስተላለፊያው ከተወጠረ፣ መሪውን አቅንቶ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ማለት ብቻ ይበቃዋል። ሪዶታ ለማስገባት ከሆነ ደግሞ መኪናው መቆም፣ ማርሹም ዜሮ ላይ መሆን አለበት። ይህን ሳያደርጉ ጋራዥ የሚሄዱ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይመስለኝም።

ብልጭታው ካላቆመ ጆሮ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ብቻ መክፈት፣ አንድ ሰው ማዞሪያዋን ሲያዞር ሌላው ጎንበስ ብሎ ከካምቢዮው በኩል ማዳመጥ ነው። የትንሿ ሞተር ድምፅ ከተሰማና መብራቱ አሁንም ካልረጋ፣ የሚጠረጠረው መልስ ሰጪው ስዊች ወይም የተጣበቀው ጥርስ ነው። ድምፅ ከሌለ ፊውዙ፣ ሽቦው፣ ሶኬቱ ወይም ሞተሯ ራሷ ናት። ባትሪውንም መዘንጋት አይገባም፤ መኪናው ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ሲሠራ 14 አካባቢ ማሳየት አለበት። ቮልቴጅ ሲወርድ ኮምፒዩተሮች እንደ ሰካራም ምስክር ይቀባዥራሉ።

ሕግ ስለተማርኩ ይሆናል፣ የመመርመሪያው ማሽን የሚያወጣውን ኮድ እንደ ክስ እንጂ እንደ ፍርድ አላየውም። ኮዱ “ከዚህ መስመር መልስ አልመጣም” ይላል እንጂ “ሞተሯ ሞታለች” አይልም። በቅርብ የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ያለው ፒክአፕ ዲማ ደርሶ ሲመለስ ፎር ዊሉ እምቢ ብሎ፣ አንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ ኮዱን ብቻ አይቶ ሙሉ ሞተሯ ትቀየር አለ። አንድ ሽማግሌ ኤሌትሪሺያን ግን በቴስተር ሲለካ፣ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ ሽቦ ጫፍ በጭቃና በውሃ ዝጎ ተገኘ። ብሎኑ ተፈቶ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፣ ተመልሶ ታሰረ፣ ፎር ዊሉ ገባ። የሽማግሌው ብልሃት ሽቦው ሥራ ላይ እያለ መለካቱ ነው። ዝገት የበላው ሽቦ ጭነት ሳይኖርበት ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ሞተሯ ስትታዘዝ ግን ቮልቱ ይከዳታል።

በገበያ በርካሽ የሚሸጡት ከስልክ ጋር የሚገናኙ ማንበቢያዎችም ብዙ ጊዜ የሚያነቡት የሞተሩን ኮድ ብቻ ነው፤ ይህም በ“ፒ” ፊደል ይጀምራል። የፎር ዊልና የፍሬን ኮዶች አብዛኞቹ በ“ሲ” ስለሚጀምሩ ማሽኑ “ብልሽት የለም” ቢል አይታመን። አንድ የጎማ ፍጥነት ሴንሰር ተበላሽቶ የኤቢኤሱን፣ የፎር ዊሉንና የመንሸራተት መከላከያውን መብራት አንድ ላይ ሊያበራ ይችላል፤ ሦስት በሽታ የመሰለው አንድ ነው። መጠናቸው የተለያየ ጎማዎች መግጠምም ያንኑ ግራ መጋባት ያመጣል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ያለንን መኪና ማስታመም ግዴታ ሆኗል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ “ይቀየር” ለሚል ጋራዥ “በምን ለካችሁት? ስንት አሳየ? አሮጌውንም ዕቃ መልሱልኝ” ማለት ነገረኛነት አይደለም።

ሞተሯ ሥራ ፈትታ እንዳትጣበቅም ቶዮታ በመመሪያ መጻሕፍቱ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል መንዳትን ይመክራል። ይህ ግን በደረቅ አስፋልት ላይ አይሞከርም፣ ማስተላለፊያውን ይጎዳዋል። ኮረኮንች ይፈለጋል፤ እሱን ማግኘት ደግሞ፣ እግዜር ይስጠውና፣ በአገራችን ገና አላስቸገረም።