64 ከመቶ ስንት ነው?

የምሠራው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ነው። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው፦ ማህደር ማውጣት፣ ትራንስክሪፕት መሙላት፣ ቲተርና ክብ ማህተም ማሳረፍ፣ ፖስታ ማሸግ። ቀድሞ ሒሳብ አስተምር ስለነበር ተማሪዎቹ ዛሬም «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ድሮ ትራንስክሪፕት ፈልጎ መስኮቴን የሚያንኳኳው ወይ ሥራ የሚቀጠር፣ ወይ ኮሌጅ የሚገባ፣ ወይ ትምህርት ቤት የሚቀይር ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ውጭ አገር ለመማር የሚያመለክተው በዝቷል። ጥያቄውም «ወረቀቴን ስጠኝ» መሆኑ ቀርቶ «ይሄ ቁጥር እዚያ ስንት ነው?» ሆኗል።

ባለፈው ዓመት የመጣች አንዲት ልጅ ሁለት ወረቀት ይዛ ነበር። አንደኛው የራሳችን ትራንስክሪፕት ነው፤ የ12ኛ ክፍል አማካይ ውጤቷ 94፣ ደረጃዋ ከክፍሏ 2ኛ። ሁለተኛው የ2016 ዓ.ም. የማትሪክ ውጤቷ ነው፤ ከ600 384 አምጥታለች፣ በመቶኛ 64። ጀርመን የሚኖር አጎት አላት። ሁለቱንም ፎቶ አንስታ ልካለት መልሶ የጻፈላትን በስልኳ አሳየችኝ፦ «እነዚህ የአንድ ሰው ናቸው?»

አጎትየው ከአገር የወጣው ከረጅም ጊዜ በፊት ስለሆነ አልፈርድበትም። እኛ ሰፈር ግን 64 የሰማ ሁሉ ቤታቸው ሄዶ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሏል። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት የጀመረው በ2014ቱ ዙር ሲሆን፣ ያኔ ያለፈው 3.3 ከመቶ ነበር፤ በ2015 3.2፤ በ2017 ደግሞ 8.4። ስለዚህ 64 ያመጣ ልጅ ካለፉት ጥቂቶችም መካከል ሻል ካሉት ነው። ይህ ሁሉ ግን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም፣ ፎቶ፣ የትምህርት ዓይነትና ቁጥር ብቻ ነው። ሩቅ አገር ተቀምጦ የሚያነበው ሰው 64 ሲያይ የሚያስበው በሠፈሩ ያለውን፣ ብዙ የማያጠናውን ልጅ ነው።

ጀርመኖች የውጭ ውጤት ወደ ራሳቸው የሚመነዝሩበት የባቫሪያ ቀመር የሚባል ስሌት አላቸው። እዚያ 1.0 ከሁሉ የላቀው፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ውጤቱ ይወርዳል። (ከእኛ ዩኒቨርሲቲ በ3.8 የተመረቀ ሰቃይ ቁጥሩን እንዳለ ጀርመንኛው ቅጽ ላይ ቢሞላ ለጥቂት የተረፈ ተማሪ ሆኖ ይነበባል።) ቀመሩ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ከፍተኛው ውጤት፣ ዝቅተኛው ማለፊያና ተማሪው ያመጣው። ልጅቷ ስልኳን አወጣች፣ እኔ ወረቀት አወጣሁ፣ ሠራነው። ከትራንስክሪፕቱ ጀመርን፦ ከ100 94 ሲቀነስ 6፤ በ100 እና በማለፊያው በ50 መካከል ላለው ልዩነት ሲካፈል 0.12፤ በ3 ሲባዛ 0.36፤ 1 ሲደመርበት 1.36። ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ። ማትሪኩን ስናስገባ 36 ለ50 ሲካፈል 0.72፤ በ3 ሲባዛ 2.16፤ 1 ሲደመር 3.16። ያችው አንድ ልጅ በአንዱ ወረቀት ሰቃይ፣ በሌላው መካከለኛ ሆነች። ልጅቷ ዝም ብላ ሁለቱን ቁጥሮች ታያለች።

ቀመሩ ጣሪያውንና ወለሉን ያውቃል፤ በመካከሉ ስንት ሰው እንደቆመ አያውቅም። የሒሳብ መምህር ስለነበርኩ በዚህ እናደዳለሁ። 100ም 50ም የተቀመጡት በሰው ውሳኔ ነው። ከተፈታኙ አብዛኛው 50 በሚደርስበት አገርና ከ20 ሰው አንዱ ብቻ በሚደርስበት አገር 64 እኩል አይደለም።

ግን እውነቱን ከተነጋገርን ለዚህ ጥርጣሬ እኛም ነዳጅ ጨምረናል። 94ቱ ከየት መጣ? ከተከታታይ ምዘና ነው፤ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ ደብተር፣ ተሳትፎ፣ ሁሉም ነጥብ አለው። መምህሩ ብዙ ተማሪ በሚይዝበት ክፍል ውስጥ የቡድን ሥራ 10 ከ10 መስጠት ይቀለዋል። ወላጅ ይመጣል፣ ርዕሰ መምህር ይጠይቃል፣ ደረጃ የወጣ ልጅ ለትምህርት ቤቱም ስም ነው። በዚህ መካከል 75 የሚገባው 88 ይሆናል፣ 85 የሚገባው 94። ባልደረቦቼ ይህን ሲያነቡ ቅር ይላቸው ይሆናል። የውጭው የቅበላ ሠራተኛ ግን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያይ የሚያምነው ትምህርት ቤቱ ያላረመውን ነው፤ እኔም ብሆን እሱን ነው የማምነው። የልጅቷ አጎት ከዚህ ተነስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «94ቱን ወደ 80 ዝቅ አድርገው ይጻፉልሽ፣ እንዲመሳሰል።» ማርክ ጨምሩልኝ የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ቀንሱልኝ የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። ጭማሪውም ቅናሹም እኔ ጋ አይሠራም፤ ማህደሩ ላይ ያለው ነው የሚወጣው።

እናቷ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይዘው መጡ። በ12ኛ ክፍል ምስክር ወረቀት የሚያመለክት የእኛ አገር ልጅ ጀርመን ውስጥ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አይገባም፤ ሽቱዲየንኮሌግ በሚባለው ተቋም አንድ ዓመት ያህል ተምሮ የመመዘኛ ፈተና ማለፍ አለበት። እንግሊዞቹም ፋውንዴሽን የሚሉት ዓመት አላቸው። እናትየው ይህን ሰምተው «ልጄ 64 አምጥታ ሬሜዲያል ልትገባ ነው?» አሉኝ። ሬሜዲያል እኛ ዘንድ 50 ላልደረሰ የተከፈተ በር ነው፤ ወሬውም ከስሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። የጀርመኑ ግን የአንዱ አገር ሥርዓት ከሌላው ጋር ስለማይገጥም የሚጠየቅ ነው፤ 580 ያመጣም ቢሆን በዚያው ነው የሚያልፈው። ይህን ለማስረዳት ከቀመሩ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

ቁጥሩ ሲስተካከል ቀኑ ይመጣል። አንድ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ የተወለደው በ2006 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 1998 ማለት ነው። ትራንስክሪፕቱን የሞላው ሰው የትውልድ ዓመቱን ከፓስፖርቱ፣ የማጠናቀቂያ ዓመቱን ከማህደሩ ከወሰደ «ልደት 2006፣ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀው 2016» ይሆናል። የአሥር ዓመት ልጅ ማትሪክ ተፈተነ! ስለዚህ እኔ በየዓመተ ምሕረቱ አጠገብ የኢትዮጵያና የአውሮፓ ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው ልዩነት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መሆኑን የማያስታውስ የቢሮ ሰው ስለሚበዛ ወሩንም አልተውም። የሐዋሳ ልጆች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የሲዳማ ክልል የተመሠረተው በ2012 ነው። ሚኒስትሪ ከዚያ በፊት የወሰደ ልጅ የ8ኛ ክፍል ወረቀቱ ላይ የደቡብ ክልል ትምህርት ቢሮ ይላል፣ የ12ኛው ላይ የሲዳማ። ከአንድ ሰፈር ያልወጣ ልጅ ክልል ቀይሮ የመጣ መስሎ ይታያል። አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ የቀደመው ትምህርት ቤት መሸኛ አምጣ ብሎ ጽፎ ያውቃል።

የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም የ«ተገማች ውጤት» ጥያቄ ነው። እንግሊዝ አገር ዩካስ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሥርዓት የሚያመለክት ተማሪ ገና ፈተናውን ሳይወስድ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ትምህርት ቤቱ እንዲገምት ይጠየቃል፤ ዩኒቨርሲቲውም «ይህን ካመጣህ ተቀብለንሃል» ይለዋል። የፊዚክስ መምህራችን ቅጹን አንብቦ «እኔ ነቢይ ነኝ እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው፤ እኛ አገር ገምቶ የሚጽፍ የለም፤ ሁሉም ጳጉሜን ወይም መስከረምን ይጠብቃል። ችግሩ የእኛ ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን የእነሱ አዲስ ዓመት ትምህርት መጀመሩ ነው። ስለዚህ ውጤት በእጁ ይዞ ማመልከት የሚፈልግ ልጅ አንድ ዓመት ይቆያል፤ ቤተሰብም «ምን ሆኖ ነው ቤት የተቀመጠው?» ሲባል ይሳቀቃል።

ወረቀት በተቃራኒውም ይመጣል። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ሰው ብዛት ይታወቃል፤ አሁን እዚያ የተማሩ ልጆቻቸው አንዳንዶቹ ሐዋሳ መጥተዋል። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጥተው ወረቀቱን ዘረጉልኝ። እዚያም ማትሪክ ነው የሚሉት፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 7 በደረጃ ይሰጣል፣ 7 ማለት 80 ከመቶና ከዚያ በላይ። ከታች በኩል ባችለር ፓስ ይላል። «ልጄ ባችለር አልፏል፤ ዲግሪ አለው ማለት ነው?» አሉ ሴትየዋ። ለዲግሪ ማመልከት ይችላል ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። የባሰው ግን ከላይ ነበር። ልጁ ኢንጂነሪንግ ነው የሚፈልገው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ማቲማቲክስ ሳይሆን ማቲማቲካል ሊትረሲ ነው፤ ደረጃው 6። ይህ በዕለት ኑሮ ላይ ያተኮረ ራሱን የቻለ ሌላ ትምህርት ነው፤ ሒሳብን የመረጠ አይወስደውም፣ እሱን የመረጠም ሒሳብን አይወስድም። ልጁ በአሥረኛ ክፍል ሲመርጥ የነገረው ሰው የለም። የአቻ ግምቱን የሚሰጠው የፌደራል መሥሪያ ቤት እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ወደዚያ ከመላኬ በፊት ግን ደረጃ 6 ካልኩሉስ የሚያስችለው መስሎት አዲስ አበባ ድረስ እንዳይሄድ ቁጭ ብዬ ነገርኩት።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ያደረግነው ነገር አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ነው። የውጭ ትምህርት ቤቶች ከትራንስክሪፕት ጋር የትምህርት ቤቱን መግለጫ አያይዘው ይልካሉ፤ እኛ ግን ልማዱ አልነበረንም። በደብዳቤው ላይ የማለፊያው ነጥብ 50 መሆኑን፣ ብሔራዊ ፈተናው በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት መሆኑንና የሚያርመው ትምህርት ቤቱ አለመሆኑን፣ ተፈታኙ ከቤቱ ርቆ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድሮ እንደሚፈተን፣ በ2016 50 እና ከዚያ በላይ ያመጣው 5.4 ከመቶ መሆኑን ጻፍኩ። 94ቱ ተከታታይ ምዘናን እንደሚጨምርም ጻፍኩ። ቀጥሎ በዚያ ዓመት ከእኛ ትምህርት ቤት ስንት እንደተፈተነና ስንት እንዳለፈ የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ። ርዕሰ መምህሩ እዚያ ላይ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይህ ለምን ያስፈልጋል? ገመናችንን ጀርመን ድረስ?»

በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ፤ እኛ ከእነሱ አይደለንም፣ ግን ያለፉልን በሁለት እጅ ጣት ይቆጠራሉ። የልጅቷ 64 ትርጉም የሚኖረው በዚህ መስመር ነው አልኩት፤ እሷ በምን ዓይነት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንዳመጣችው የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። ተከራከርን። በመጨረሻ «ትምህርት ቤቱ» የሚለውን «የፈተና ማዕከሉ» ልናደርገው ሐሳብ አቀረበ፤ አልተስማማሁም፤ ሻይ ጠጥተን ተመለስንና ፈረመ። ደብዳቤው ከትምህርት ቤቱ ኢሜይል በቀጥታ ተላከ። ኢሜይላችን ጂሜል መሆኑ ራሱ ጥርጣሬ እንደሚፈጥር አውቃለሁ፤ ስለዚህ የቢሮውን ስልክና የእኔን የሥራ ሰዓት ጨመርኩበት፤ ደውለው የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ።

ዘንድሮ ደብዳቤውን ለሚያመለክት ሁሉ እናያይዛለን፤ ቁጥሮቹን በየዓመቱ መለወጥ የእኔ ሥራ ነው። ተማሪዎችን የምለምነው ጥቅምት ላይ የፓስፖርት ኮፒያቸውን ይዘው እንዲመጡ ነው፤ የስም አጻጻፉ ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፣ የአያት ስም የሚቀረው ወይም የሚጨመረው እዚያ ነው። የአሜሪካኖቹ መደበኛ ማመልከቻ ብዙው የሚዘጋው ጃንዋሪ 1 ገደማ ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 23። ታኅሣሥ 22 ማታ ለሚደውልልኝ ግን ማህተሙ ያለው ርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ነው፤ ቁልፉን እኔ አልይዝም።