ነፃው ሶፍትዌር ከጽሕፈት ጠረጴዛ ስለ ምን ራቀ

አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ሪቻርድ ስቶልማን፣ ማንም ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ሊመረምረውና ለባልንጀራው ሊያካፍለው የሚችል ነፃ ሥርዓተ ክወና ለመሥራት ማሰባቸውን እ.ኤ.አ. በ1983 ካስታወቁ፣ የፊንላንዱም ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የሥርዓቱን እምብርት በ1991 ካወጣ ወዲህ፣ የዓለም 500 ኃያላን ሱፐር ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሊኑክስ የሚሠሩ ሆነዋል። በጸሓፊው ጠረጴዛ ላይ ግን ይኸው ጥበብ እስከ ዛሬ እንግዳ ነው።

ምክንያቱን የሚሻ በጀርመን ያለችውን የሙኒክን ከተማ ታሪክ ይመልከት። ምክር ቤቱ በ2003 ዊንዶውስን ትቶ ወደ ሊኑክስ ለመሻገር ሲመክር፣ የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ባልመር የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍታቸውን አቋርጠው ከንቲባውን ክርስቲያን ኡዴን ለማግባባት ቢመጡም አልተሳካላቸውም፤ በ2013ም ከ14,000 በላይ ኮምፒዩተሮች ተዛውረው ነበር። ድካሙ እጅግ ብርቱ ነበር፤ በየመምሪያው ለዓመታት የተከማቹት የደብዳቤ ናሙናዎችና ቅጾች እንደ ገና መሠራት ስለ ነበረባቸው፣ ከተማይቱ ለዚሁ ብቻ ቮልሙክስ የተባለ የራሷን ፕሮግራም እስከ መጻፍ ደረሰች። ከውጭ በዎርድ ተጽፎ የመጣ ሰነድ ሲከፈት ሰንጠረዡ ከተዛነፈ ግን፣ ሠራተኛው የሚወቅሰው ሰነዱን ሳይሆን በፊቱ ያለውን ማሽን ነው። ይህን ፍርድ እኔ ፍትሐዊ አልለውም፤ የዓለም መዛግብት በአንድ ኩባንያ ቅርጽ ሲጻፉ የኖሩት በሊኑክስ ጥፋት አይደለምና።

ሥሩ ግን ከዚህም ይጠልቃል። ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣለትን ይቀበላል እንጂ ሥርዓተ ክወና አይመርጥም፤ ማይክሮሶፍትም ቀድሞ ከማሽን ሠሪዎች ጋር ባደረገው ውል፣ ሠሪው የኩባንያው ሥርዓት ላልተጫነበት ማሽን ጭምር እንዲከፍል ያደርግ ነበር። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ይህን አሠራር በ1994 በስምምነት ቢያስቀረውም፣ ገዢውም ሻጩም አስቀድመው ለምደውት ነበር። ለዚህ ምስክሩ በሊኑክስ እምብርት ላይ የተሠራው የስልክ ሥርዓት አንድሮይድ ነው፤ ሊኑክስን ማንም ሳይመርጠው ሕዝብ ሁሉ በኪሱ የያዘው ከፋብሪካው ተጭኖ ስለ መጣለት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ዊንዶውስ ያለ ፈቃድ እየተገለበጠ ያለ ዋጋ ስለሚጫን፣ የነፃው ሶፍትዌር የዋጋ ብልጫ እንኳ አይታይም።

የሙኒክ ምክር ቤት በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ፤ በ2020 የተመሠረተው ጥምረት ግን በተቻለ መጠን ነፃ (ክፍት ምንጭ) ሶፍትዌር እንዲመረጥ እንደ ገና ተስማማ። እንግዲህ ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የምትገዙ ሁሉ፣ ማሽኑ ሊኑክስ ተጭኖበት እንዲቀርብ፣ ሰነዱም በክፍት ቅርጽ እንዲቀመጥ በጨረታችሁ ላይ ጻፉ።