አምስት ጉዳይ በአንድ የፈቃድ ቀን፦ ሰልፍ ለምን ይረዝማል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመቱ ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ከእነዚህ ቀናት ስንቱ በእርግጥ ለዕረፍት እንደሚውል የአዲስ አበባ ነዋሪ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የፈቃድ ቀን ማለት ለብዙዎቻችን ጉዳይ የማስፈጸሚያ ቀን ነው።

መገናኛ አካባቢ የሚኖር አንድ ሠራተኛ እንውሰድ። አንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ ወረዳ መታወቂያውን ማሳደስ፣ ለወንድሙ ውክልና መስጠት፣ ባንክ ገብቶ ሰነድ መፈረም፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ጥቅል መረከብ፣ ከዚያም መርካቶ ወርዶ ለልጆቹ ደብተርና ቦርሳ መግዛት አስቧል። እያንዳንዱ ጉዳይ መስኮቱ ላይ የሚወስደው ጊዜ ቢደመር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ለመንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢታሰብ እንኳ ስሌቱ ከስምንቱ የሥራ ሰዓት ግማሽ አይሞላም። ሰውየው ግን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሁለቱን ብቻ ፈጽሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የቀረው ጊዜ የት ገባ? ጥያቄው የቀልድ አይደለም፤ በቀን ሥራ ለሚተዳደር ሰው ይህ ቀን የፈቃድ ቀን ሳይሆን የጠፋ የቀን ገቢ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሠራተኞቹ ሰነፎች ናቸው» የሚል ነው። ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ሳትል ብትሠራም ሰልፉ ሊረዝም እንደሚችል፣ እንዲያውም ቀና ለማለት ፋታ ማጣቷ ራሱ የሰልፉ መንሥኤ ሊሆን እንደሚችል ሒሳብ ያሳየናል።

የትኛው ይቅደም?

አምስት ጉዳዮችን በ120 የተለያዩ ቅደም ተከተሎች ማከናወን ይቻላል (5×4×3×2×1)። ጉዳዮቹ 10 ቢሆኑ ቁጥሩ 3,628,800 ይደርሳል፤ 15 ቢሆኑ ከ1.3 ትሪሊዮን ይበልጣል። ይህ በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ «የተጓዥ ነጋዴው ችግር» በመባል የሚታወቀው ዝነኛ ጥያቄ ነው፤ የቦታዎቹ ቁጥር ምንም ያህል ቢሆን አጭሩን መንገድ በፍጥነት የሚያገኝ አጠቃላይ ዘዴ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለአምስት ጉዳይ ግን አንድ ወረቀትና የከተማው ሰው ልምድ ይበቃሉ። ከዚህም በላይ ቀኑን የሚበላው የመንገዱ ርዝመት ስላልሆነ በዚህ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ጥበቃው የሚጀምረው ከመንገድ ዳር ነው። በአንድ ፌርማታ አውቶቡስ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ያልፋል ቢባል፣ በዘፈቀደ ሰዓት የሚደርስ መንገደኛ በአማካይ 5 ደቂቃ ብቻ የሚጠብቅ ይመስለናል። ይህ ትክክል የሚሆነው አውቶቡሶቹ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እኩል ተራርቀው ሲመጡ ነው። አሁን ደግሞ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አንዴ በ2 ደቂቃ፣ አንዴ በ18 ደቂቃ ልዩነት ይመጣሉ እንበል። አማካዩ ያው 10 ደቂቃ ነው። ነገር ግን ከ20 ደቂቃ ውስጥ 18ቱ የረጅሙ ክፍተት በመሆኑ፣ መንገደኛው ከ10 ጊዜ 9ኙን የሚደርሰው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው። አማካይ ጥበቃውም 8.2 ደቂቃ ይሆናል። አመጣጣቸው ፈጽሞ የዘፈቀደ ከሆነ ደግሞ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። «እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ይዘገያል» የሚለው ምሬት እንግዲህ የዕድለ ቢስነት ስሜት ብቻ አይደለም፤ ረጅሙ ክፍተት ብዙ ሰው የሚይዘው ረጅም ስለሆነ ነው።

የኮፐንሃገን ስልኮችና የወረዳው መስኮት

የሰልፍን ሒሳብ የጀመረው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ (1878–1929 እ.ኤ.አ.) ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ይህ ሰው፣ ደንበኞች ብዙ ሳይጠብቁ እንዲገናኙ ስንት መስመር እንደሚያስፈልግ ለማወቅ በ1909 እ.ኤ.አ. የስልክ ጥሪዎችን በፕሮባቢሊቲ ንድፈ ሐሳብ የሚተነትን ጽሑፍ አወጣ። የስልክ መስመር መጨናነቅ መለኪያ ዛሬም በስሙ «ኤርላንግ» ይባላል። የስልክ ጥሪን በባለጉዳይ፣ መስመርን በመስኮት ብንተካ ሒሳቡ አይለወጥም።

አንድ ባለጉዳይ መስኮቱ ላይ በአማካይ 6 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። መስኮቱ በሰዓት 10 ሰው ማስተናገድ ይችላል ማለት ነው። የባለጉዳዮቹ አመጣጥና የሚወስዱት ጊዜ በዘፈቀደ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ መስኮቱ በሥራ የሚያዝበትን የጊዜ ድርሻ «ሥ» ብንለው፣ አንድ ሰው ተራው እስኪደርስ በአማካይ የሚጠብቀው ጊዜ እንደሚከተለው ይሰላል፦

ጥበቃ = 6 ደቂቃ × ሥ ÷ (1 − ሥ)

በሰዓት 5 ሰው ቢመጣ ሥ = 0.5 ነው፤ ጥበቃውም 6 ደቂቃ ነው። በሰዓት 8 ሰው ቢመጣ 24 ደቂቃ ይሆናል። 9 ሰው ቢመጣ 54 ደቂቃ። በሁለት ሰዓት 19 ሰው፣ ማለትም በሰዓት 9.5 ቢመጣ ደግሞ 114 ደቂቃ ይደርሳል፤ በሰዓት የግማሽ ሰው ጭማሪ ጥበቃውን ከእጥፍ በላይ አሳደገው ማለት ነው። የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን ቀመር ሲያዩ አንድ የሚያውቁት ነገር ትዝ ሊላቸው ይገባል፤ የክፍልፋዩ ታች ወደ ዜሮ ሲጠጋ መጠኑ ያለ ልክ ያድጋል፣ ልክ ንዝረት በሬዞናንስ አቅራቢያ እንደሚያደርገው። እርግጥ የአንድ ቀን ሥራ አጭር ስለሆነ ሰልፉ በቀመሩ ከተሰላው አማካይ ላይ ላይደርስ ይችላል፤ አቅጣጫው ግን አያከራክርም።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ሥ = 0.8 ሲሆን ሠራተኛዋ በሰዓት 12 ደቂቃ ያለ ሥራ ትቀመጣለች። ኃላፊው ይህን አይቶ «ሥራ ፈትታለች» በማለት ተጨማሪ ኃላፊነት ይሰጣታል፤ የሥራ ፈት ጊዜዋም ወደ 3 ደቂቃ ይወርዳል። ሪፖርቱ ላይ ቅልጥፍና ጨመረ ይባላል። ሰልፉ ላይ የቆመው ሰው ግን ከ24 ደቂቃ ወደ 114 ደቂቃ ተሸጋግሯል። እነዚያ 12 ደቂቃዎች ብክነት አልነበሩም፤ ሰልፉ የሚቃለልባቸው ደቂቃዎች ነበሩ።

በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ክፍያዎች በስልክ ሆነዋል። በሰዓት ከሚመጡት 9 ሰዎች አንዱ ብቻ ቤቱ ሆኖ ቢከፍል፣ የቀሩት 8ቱ ጥበቃ ከ54 ወደ 24 ደቂቃ ይወርዳል። ስልክ መነካካት የማይሆንላቸው እናታችን እንኳ ሳያውቁት ይጠቀማሉ ማለት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ «ሰው ቀንሷል» ብሎ መስኮት ካልዘጋ በስተቀር።

ሌላው ነገር የአሰላለፉ ዓይነት ነው። ሦስት መስኮት ቢኖርና ለእያንዳንዱ የየራሱ ሰልፍ ቢኖር፣ በሰዓት 9 ሰው በሚመጣበት በእያንዳንዱ መስኮት ጥበቃው ያው 54 ደቂቃ ነው። እነዚያኑ 27 ሰዎች በአንድ ሰልፍ አድርገን፣ ተራው የደረሰ ሰው ወደ ተለቀቀው መስኮት እንዲሄድ ብናደርግ፣ የኤርላንግ ቀመር 16 ደቂቃ ገደማ ይሰጠናል። ሠራተኛ አልተጨመረም፤ ማንም ፈጥኖ አልሠራም። ሰነዱ የተዛባበት አንድ ባለጉዳይ አንዱን መስኮት ግማሽ ሰዓት ቢይዘው ከኋላው ያሉት ታግተው አይቀሩም፣ ወደ ሌሎቹ ያልፋሉ። ሰዎች ከሰልፍ ወደ ሰልፍ የሚዘዋወሩ ከሆነ ልዩነቱ ይጠብባል እንጂ አይጠፋም። በአንዳንድ ባንኮች በር ላይ የሚሰጠው የተራ ቁጥር ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ቁጥር በሌለበት ግን የባለጉዳዩ ዕጣ ከሦስት አንድ ነው፤ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ከጎኑ ያለው አንዱ ሰልፍ ቀድሞት ይሄዳል።

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»

እስካሁን ተራ ሲደርስ ጉዳዩ እንደሚፈጸም አድርገን አስበናል። ፊርማ የሚያኖረው ሰው ሊወጣ፣ ኔትወርክ ሊቋረጥ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ሊጎድል ይችላል። እያንዳንዱ ጉዳይ በዕለቱ የመሳካት ዕድሉ ከ10 ጊዜ 8 ነው እንበል፤ ጥሩ ዕድል ነው። አምስቱ ሁሉ በአንድ ቀን የመሳካታቸው ዕድል ግን 0.8 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 0.33 ገደማ ነው። ጉዳዮቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ በአማካይ አራቱ ስለሚያልቁ ሰውየው አይከፋም። ነገር ግን ውክልናው ያለ ታደሰ መታወቂያ የማይሰጥ፣ ባንኩም ያለ ውክልናው የማይቀበል ከሆነ፣ ወረዳው ላይ የተሰናከለ ሰው የቀረው ሁሉ አብሮ ይወድቅበታል። ስለዚህ የሰንሰለቱ መጀመሪያ፣ ከተቻለም ይበልጥ የሚያጠራጥረው ጉዳይ፣ ለማለዳ ይሁን፤ መርካቶ ዘግይቶም ይደረስበታል።

ማለዳ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የምሳ ሰዓት ነው። በሰዓት 9 ሰው የሚመጣበት፣ 10 ሰው ማስተናገድ የሚችለው መስኮት 6:30 ላይ ሲዘጋ 8 ሰው ተሰልፎ ነበር እንበል። በምሳ ሰዓት የሚመጣው ሰው አይቀንስም፤ ሌላ ቦታ የሚሠራው ሰው የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነውና። 7:30 ላይ በሩ ሲከፈት 17 ሰው ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ሰልፉን መቀነስ የሚችለው በሰዓት በአንድ ሰው ብቻ ነው። በአራት ሰዓት ውስጥ አራት ሰው ይቀንሳል፤ 11:30 ላይ 13 ሰዎች «ነገ ተመለሱ» ተብለው ይሸኛሉ። በማግስቱ 2:30 ከመሆኑ በፊት ደርሶ «ገና በሩ ሳይከፈት ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?» የሚል ሰው ከፊቱ የሚያገኛቸው እነዚህን 13 ሰዎች ነው።