የቀስትና የሰይፍ ሚዛን

«ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ፥ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ደንብ፥ የረጅም ቀስት ፍላጻ ያለ ቅጣት 150 ጫማ ይደርሳል፤ ሰይፈኛው ግን በአንድ ተራ የሚራመደው ብዙውን ጊዜ 30 ጫማ ነው። ስለዚህ ቀስተኛው ቆሞ አራት ጊዜ ያህል ሲወረውር፥ ሰይፈኛ የሆነው ጓደኛችን ሥራው መራመድ ብቻ ነው፤ ይህም እጅግ ያሰለቻል። ደንቡ ነገሩን ያካካሰው፥ ጠላት በ5 ጫማ ውስጥ ሲቆም ቀስተኛው ባለ 20 ገጹን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ አነስተኛውን እንዲቀበል በማዘዝ ነው። እኔ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም እላለሁ። የጨዋታው መሪ ውጊያውን ዘወትር በሜዳ ካደረገው፥ ሰይፈኛው ሳይደርስ ሁሉ ያልቃል። ጠባብ ዋሻ ወይም የፈረሰ ግንብ ይምረጥ እንጂ፤ ግማሽ አካሉን ከግንብ ኋላ ለሸሸገ ሰው መከላከያው በ2 ይጨምርለታልና።