ለኢንተርናሽናል ቢዝነስ ትምህርት የትኛው ኮሌጅ ይሻላል?

የኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ውጤት በወጣ ቁጥር ተማሪዎቻችን ወደ ቢሯችን መምጣት ይጀምራሉ። አንዱ ነርስነት፣ ሌላው መምህርነት ይላል። «ኢንተርናሽናል ቢዝነስ መማር እፈልጋለሁ፤ የቱ ኮሌጅ ይሻለኛል?» የሚል ሰው ጠፍቶ ግን አያውቅም። ካኩማ ለሚኖር ሰው ይህ አይገርምም። አይ.ኤፍ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት በካምፑና በከተማው ከ2,000 በላይ ንግዶች እንዳሉ፣ የአካባቢው ኢኮኖሚም በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚሆን ገምቷል። ከአባቱ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ያደገ ልጅ ንግድ ልማር ቢል ትክክል ነው።

መጀመሪያ ግን ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ስሙን ሰምተው ብቻ ውጭ አገር የሚወስዳቸው የሚመስላቸው አሉና። እስቲ ከሱቅ የምንገዛውን ሩዝ እንውሰድ። ኬንያ ከውጭ ከምታስገባው ሩዝ ብዙው የፓኪስታን ነው። ካራቺ ላይ መርከብ ይጫናል፣ ሞምባሳ ይራገፋል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ከዚያ በኤልዶሬት፣ በኪታሌና በሎድዋር አድርጎ በጭነት መኪና እኛ ጋ ይደርሳል። ገዢና ሻጭ ምናልባት ተያይተው አያውቁም። ታዲያ እንዴት ይተማመናሉ? በባንክ በኩል ኤል.ሲ. ይከፈታል፤ ሻጩ ዕቃው መጫኑን የሚያሳዩትን ሰነዶች ሲያቀርብ ባንኩ ይከፍለዋል። ዕቃው ባሕር ላይ ቢበላሽስ? ውሉ «ኤፍ.ኦ.ቢ.» ከሆነ ዕቃው መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለው ጣጣ የገዢው ነው፤ የመርከቡንም ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። «ሲ.አይ.ኤፍ.» ከሆነ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን ሻጩ ይከፍላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በሲ.አይ.ኤፍ.ም ቢሆን አደጋው ወደ ገዢው የሚሻገረው ሞምባሳ ሲደርስ ሳይሆን ካራቺ ላይ ሲጫን ነው። እንግዲህ ይህንን፣ የጉምሩክ ሕጉን፣ የምንዛሪውን መውጣትና መውረድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አካውንቲንጉን በደንብ የሚያስተምር ቦታ ነው የምትፈልጉት።

አሁን ወደ ምርጫው። ከሁሉ በፊት የሚታየው ፈቃዱ ነው። ኬንያ ውስጥ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አንድ አይደሉም። ኮሌጆች በአብዛኛው ሰርተፊኬትና ዲፕሎማ ነው የሚሰጡት፤ ፈቃዳቸውንም የሚያገኙት ቲቬታ ከሚባለው የቴክኒክና ሙያ ባለሥልጣን ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን (ሲ.ዩ.ኢ.) ነው። አንዳንዴ ተማሪ ያማረ ብሮሸር ይዞ ይመጣል፤ «ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኢንተርናሽናል ቢዝነስ ዲግሪ» ይላል። እንዲህ ዓይነቱን ትብብርም ኮሚሽኑ ሊያውቀው ይገባል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ተቋሙ በኮሚሽኑ ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ? ፕሮግራሙስ ጸድቋል ወይ? ቤተሰብ ከውጭ ዘመድ የተላከለትን ብር አጠራቅሞ ከከፈለ በኋላ ወረቀቱ የትም እንደማይሠራ ማወቅ በጣም ከባድ ነው። ለእኛ ደግሞ ይብሳል፤ ነገ የት እንደምንኖር አናውቅም። ካናዳም ሆነ ሌላ አገር ዲግሪያችሁን የሚመዝኑ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ትምህርት ቤቱ በራሱ አገር ዕውቅና ያለው መሆኑን ነው።

«ኢንተርናሽናል» የሚለው ቃል የግድ ዲግሪው ላይ መጻፍ አለበት ወይ? እኛ አይመስለንም። ናይሮቢ ያለው ዩ.ኤስ.አይ.ዩ. አፍሪካ በዚሁ ስም ዲግሪ ይሰጣል፤ በኬንያም በአሜሪካም ዕውቅና አለው፤ ክፍያው ግን ያለ ስኮላርሺፕ ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ አይደለም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ባችለር ኦፍ ኮሜርስ ገብቶ አካውንቲንግ ወይም ፋይናንስ መያዝ፣ ከዚያ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮርሶችን መጨመር ከስሙ የበለጠ ያዋጣል ባይ ነን። ሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ሰው ባንክም፣ ድርጅትም፣ ነጋዴም ይፈልገዋል። ቋንቋውንማ ካምፑ በነጻ አስተምሯችኋል፤ ኮንጎ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሶማሊያ በ2024 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ተቀላቅለዋል፤ ስዋሂሊና ሶማልኛ የሚናገር ልጅ ከናይሮቢ ተማሪ የሚያንስበት ነገር የለም።

ስለ ገንዘቡ። ዳፊ የሚባለው ስኮላርሺፕ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. በኩል የሚሰጥ ሲሆን የምትማሩት በምትኖሩበት አገር ነው። የካናዳው የደብሊዩ.ዩ.ኤስ.ሲ. ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረ ነው፤ እዚያ ካለፋችሁ የሚመደብላችሁን ትምህርት ቤት እንጂ የመረጣችሁትን አትጠብቁ። በኢንተርኔት የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የማስተማሪያ ክፍያ የለውም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ለየኮርሱ የምዘና ክፍያ አለው፤ ድጋፍ ማመልከት ይቻላል። ለማንኛውም የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. አገልግሎት በነጻ ነው። «ስምህን አስገባልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካለ አትክፈሉ።

ወደ ተመረጠው ቦታ ስትደውሉ ስለ ሕንጻው አትጠይቁ። በስደተኛ መታወቂያ ይመዘግባሉ ወይ? ክፍያ በየተርሙ ተከፋፍሎ ይቻላል ወይ? ለአታችመንት ቦታ የሚፈልገው ተማሪው ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ? የሦስተኛ ዓመት ኮርሶቹን ዝርዝር ላኩልን በሏቸው፤ ዝርዝር መላክ የሚከብደው ትምህርት ቤት ራሱን ገልጧል። ከካምፕ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ የመግቢያ ደብዳቤው ላይ ያለው ስም መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን።

«ፕሮሰስ ላይ ነኝ፣ ስሄድ እማራለሁ» የምትሉም አላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ስደተኞች የምታሰፍርበትን ፕሮግራም ስታቋርጥ ትኬት ተቆርጦላቸው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ዲፕሎማ የጀመረ ሰው ፕሮሰሱ ቢመጣም ትራንስክሪፕቱን ይዞ ይሄዳል።

በኬንያ ዲግሪ ለመግባት በአጠቃላይ ሲ ፕላስ ያስፈልጋል፤ ያልደረሰ በዲፕሎማ አድርጎ ማለፍ ይችላል። በኢትዮጵያ 12ኛን የጨረሳችሁ ሰርተፊኬታችሁን በኬ.ኤን.ኢ.ሲ. ማስመዘን ስላለባችሁ ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ከአሁኑ ጀምሩ። መምህራንም አንድ ነገር አደራ እንበላችሁ፦ ብዙ የቢዝነስ ፕሮግራሞች ከአማካዩ ሌላ የሒሳብና የእንግሊዝኛን ውጤት ለብቻ ይጠይቃሉ። ሒሳብ የሚጠላ «ቢዝነስ እማራለሁ» ባይ ካለ ያኔውኑ ንገሩት።